ሶፍትዌርና ሳይንስ በአንድ ዲግሪ፦ ካርቱም ላይ ማቀድ ያዋጣል?

እ.ኤ.አ. በ2018 ካርቱም ውስጥ ዩኒቨርሲቲ የገባ ወጣት፣ አምስት ዓመት ተምሬ በ2023 እመረቃለሁ ቢል ስሌቱ ትክክል ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ ግን በመንግሥት ላይ ተቃውሞ ተቀጣጠለና ዩኒቨርሲቲዎቹ ተዘጉ። ፕሬዚዳንት ኦማር አልበሽር በኤፕሪል 2019 ከሥልጣን ወርደው፣ የሽግግር መንግሥት ቆሞ፣ ትምህርት ቀስ በቀስ ሲመለስ ኮሮና ደረሰ። ኮሮናው ጋብ ሲል ኦክቶበር 25 ቀን 2021 መፈንቅለ መንግሥት ተካሄደ። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነቱ እዚያው ከተማዋ መሐል ፈነዳ። የምረቃው ዓመት ሲደርስ ልጁ ሳይቋረጥ የተማረው ሴሚስተር በጣት የሚቆጠር ነበር።

ስለ ጥምር ዲግሪ ስንነጋገር ይህን መርሳት የለብንም። ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግን ከአንድ የሳይንስ ዘርፍ ጋር አዋሕዶ መማር ሌላ አገር የፍላጎትና የውጤት ጉዳይ ነው። ካርቱም ላይ የጊዜም ጉዳይ ነው፤ ጊዜው ደግሞ በተማሪው እጅ አይደለም። ቢሆንም «እንግዲያው አንዱን ይዞ መውጣት ነው» ብዬ ለመደምደም አልቸኩልም። ከሌላ ቦታ ይልቅ ሁለቱን አጣምሮ የሚያውቅ ሰው የሚያስፈልገውም እዚያው፣ ሁለቱ ዓባዮች በሚገናኙበት ከተማ ነውና።

ሐሳቡ በተሟላ መልኩ የሚታየው እንደ አውስትራሊያ ባሉ አገሮች ነው። እዚያ ምህንድስና ለብቻው አራት ዓመት፣ ሳይንስ ለብቻው ሦስት ዓመት ይወስዳል። ተከታትለው ቢማሯቸው ሰባት ዓመት ይሆናሉ። የኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ ሁለቱን አጣምሮ በአምስት ዓመት ያስመርቃል። የሚተርፉት ሁለት ዓመታት የሚገኙት ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራና ስታቲስቲክስ ለሁለቱም ዲግሪዎች ስለሚቆጠሩ ነው። ከዚህም በላይ ተማሪው እንደፈለገ ሊመርጣቸው የሚችላቸው ነፃ ኮርሶች በሌላው ዲግሪ ኮርሶች ይሞላሉ። ነፃነቱን ከፍሎ ጊዜ ይገዛል ማለት ነው። ብዙ ወጣቶች የማያዩት ዋጋ ይህ ነው። ጥምር ዲግሪ የገባ ልጅ ሦስተኛ ዓመት ላይ «ፍልስፍና ልሞክር» ወይም «አንድ ሴሚስተር ኩባንያ ውስጥ ልሥራ» ቢል ቦታ የለውም።

ካርቱም ላይ እንዲህ ተገጣጥሞ የቀረበ ነገር ማግኘት ከባድ ነው። በ1902 የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ተብሎ ተከፍቶ በ1956 ዩኒቨርሲቲ የሆነው የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስን የሚያስተምረው ከሒሳብና ከስታቲስቲክስ ጋር በአንድ ፋኩልቲ ሥር ነው። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። እዚያ ያለፈ ልጅ ኮድ ከመጻፉ በፊት የሒሳብ ማረጋገጫ መጻፍ ይለምዳል። የሱዳን ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ከቀድሞው የካርቱም ቴክኒክ ኢንስቲትዩት የተወለደ በመሆኑ የሙያ ትምህርት ጠረኑ ይበዛል። ፊውቸር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ1991 ኮምፒውተርማን ኮሌጅ ተብሎ ሲጀመር ከስሙ ጀምሮ ዓላማው ግልጽ ነበር። ማጣመር የሚፈልግ ተማሪ ከእነዚህ አንዱን መርጦ ቀሪውን ራሱ ይገጥመዋል። በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ምህንድስናም የሳይንስ ኦነርስ ዲግሪም እያንዳንዳቸው አምስት ዓመት የሚወስዱ ናቸው። የጋራ ኮርሶቹ ቢቀናነሱም፣ ሁለቱን ሙሉ ዲግሪዎች ለመያዝ በእኔ ግምት ከሰባት ዓመት በታች አይበቃም። ያ ስሌት የሚሠራውም ሰላም ካለ ነው።

እኛም አገር ያለው ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተፈጥሮ ሳይንሱ አራት ኪሎ፣ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንጉ አምስት ኪሎ ነው። በእግር የሚኬድ መንገድ ነው፤ በዲግሪ ግን ሁለቱ የተለያዩ በሮች ሆነው ኖረዋል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ሳይንሱ ፔዳ ግቢ፣ ኮምፒውቲንጉ ፖሊ ግቢ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ የፍሬሽማን ዓመት መሆኑ ጥሩ መነሻ ነበር። ሆኖም ከዚያ በኋላ ተማሪው ወደ አንድ ዲፓርትመንት ይመደብና በዚያው ይዘጋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣው የመውጫ ፈተናም የሚፈትነው በአንድ የትምህርት ክፍል ነው። ፔዳ ሄዶ ፊዚክስ ሲያዳምጥ የከረመ የፖሊ ተማሪ ለዚያ ልፋቱ ፈተናው ላይ አንድ ነጥብ አያገኝም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ እንቅፋት እያለ ለምን ይደከማል? መልሱን ከወንዙ ልጀምር።

እ.ኤ.አ. በ2020 ክረምት ካርቱም ላይ የዓባይ ከፍታ ከ17 ሜትር ተኩል አለፈ። በ1946ም በ1988ም ከተመዘገበው በለጠ። ሱዳን የሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀች። ያ ውኃ የመጣው ከእኛ ደጋ ነው። ዝናቡ ጎጃምና ወሎ ላይ ይዘንባል፣ በገደሉ ይወርዳል፣ ድንበር ላይ ባለው የኤል ደይም መለኪያ ያልፋል፣ በሮሴሬስ ግድብ በኩል አድርጎ ከቀናት በኋላ ካርቱም ይደርሳል። በእነዚያ ቀናት ውስጥ የሚሠራ ማስጠንቀቂያ ሕይወት ያተርፋል። አዲስ አበባ የሚገኘው የምሥራቅ ናይል ቴክኒክ ቀጣናዊ ጽሕፈት ቤት በክረምት የጎርፍ ትንበያ የሚያወጣው ለዚህ ነው።

አሁን የሥራውን ውስጥ ቀረብ ብለን እንየው። ወንዝ ዳር የተተከለ ቁጥር የተጻፈበት ዘንግ አለ። አንድ ሰው ጠዋት ጠዋት ከፍታውን አንብቦ ይመዘግባል። መዝገቡ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ አንዳንዱ ቀን ባዶ ነው፤ አንዳንዱ ላይ ዜሮ ተጽፏል፤ አንዳንዱ ላይ ደግሞ 999 የሚል ቁጥር አለ። ሶፍትዌር ብቻ የተማረ ልጅ ይህን ሲያይ የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ ባዶውን በአማካይ ይሞላል፣ 999ኙን ይሰርዛል፣ ዜሮውን እንዳለ ይተዋል። የውኃ ሳይንስ የተማረው ግን ዜሮዋ ላይ ይቆማል። ዓባይ በነሐሴ ዜሮ አይሆንም። ዘንጉ ደለል ውጦት ይሆናል፣ ወይም ጎርፉ ወስዶታል፣ ወይም አንባቢው ውኃው ስለበዛበት መቅረብ አልቻለም። ባዶው ቀንም እንዲሁ ነው፤ ንባብ የሚጎድለው ብዙውን ጊዜ ውኃው ከሁሉ በላይ በበዛበት ቀን ነው። በአማካይ ከሞላኸው ትልቁን ጎርፍ ከታሪክ ሰረዝከው ማለት ነው።

ሌላም አለ። ከፍታን ወደ ፍሰት መጠን የሚቀይር ስሌት አለ፤ ስሌቱ ግን የወንዙ ወለል እንዳለ ይቆያል ብሎ ነው የሚነሳው። ዓባይ ደግሞ ደለል ተሸክሞ ይመጣል፤ ወለሉ ከክረምት ክረምት ይለዋወጣል። በዚያ ላይ የሕዳሴው ግድብ ውኃ መያዝ ከጀመረበት ከ2020 ወዲህ ከታች ያለው ወንዝ የድሮው ወንዝ አይደለም። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ ግድብ መሐል ላይ ገብቷል። ከዚያ በፊት በነበሩ አሥርት ዓመታት ዳታ ብቻ የሠለጠነ ሞዴል ፈተናውን በሙሉ ውጤት ያልፍና መሬት ላይ ይወድቃል። ሞዴሉን የሠራው ልጅ ኮዱ ውስጥ ስሕተት ሲፈልግ ይከርማል፤ ስሕተቱ ግን ኮዱ ውስጥ የለም።

ተቃራኒው ጉድለትም እኩል ያሳምማል። የውኃ ሳይንቲስቱ የሠራው ትንበያ በአንድ ላፕቶፕ ላይ፣ በአንድ የኤክሴል ፋይል ውስጥ፣ እሱ ብቻ በሚያውቀው ቅደም ተከተል ይሠራል። እሱ የታመመ ዕለት፣ ወይም ወደ ውጭ የሄደ ዕለት፣ ትንበያውም አብሮት ይሄዳል። ፋይሉን ሌላ ሰው እንዲያስኬደው ማድረግ፣ ስሕተት ሲገባ በራሱ እንዲጮህ ማድረግ፣ የትናንቱን ቅጂ ከዛሬው መለየት፣ መብራት ሲጠፋ ከቆመበት እንዲቀጥል ማድረግ፦ የሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ትምህርት ዋናው ይህ ነው። ብዙ ሰው ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግን ከኮድ መጻፍ ጋር አንድ ያደርገዋል። ኮድ መጻፍ በአንድ ክረምት ይለመዳል። ሌላ ሰው ከአምስት ዓመት በኋላ የሚጠግነውን ነገር መሥራት ግን ረጅም ልምምድ ይጠይቃል።

እዚህ ላይ የሚያጣምረው ተማሪ ወገን የጠነከረ ይመስላል። ሌላው ወገን ግን ጥሩ መልስ አለው። ሁለት ሰው ይቀጠር፣ አብረው ይቀመጡ ይላል። በዓለም ላይ ትልልቅ ሥራዎች የተሠሩት እንዲህ ነው፤ አንዱ ጠልቆ ያወቀውን ሌላው ጠልቆ ካወቀው ጋር አገናኝቶ። ሁለቱንም በግማሽ የሚያውቅ ሰው ከሁለቱም ባለሙያዎች ጋር ያወራል፤ የከበደ ነገር ሲመጣ ግን ሁለቱንም አይተካም። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም የሚለው አባባል ለዚህ ወገን የተባለ ይመስላል፤ ሌላው ወገን ደግሞ ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ብሎ ይመልሳል። አባባሎቻችን ለሁለቱም ጠበቃ ስላቆሙ ፍርዱን ከእነሱ መጠበቅ አይቻልም።

«ሁለት ሰው ይቀጠር» የሚለው መልስ የሚሠራው ግን ሁለት ደመወዝ ባለበት ነው። የአንድ ክልል ውኃ ቢሮ፣ የአንድ ወረዳ ጤና ጣቢያ፣ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ትንሽ የምርምር ማዕከል ያለው አንድ በጀት ነው፤ እሱም ከተገኘ። እንዲህ ባለ ቦታ በአንድ ወንበር ላይ ሁለቱን የሚያውቅ ሰው ካልተቀመጠ ወንበሩ በግማሽ ባዶ ነው። የእኔ ሚዛን ወደ ማጣመር የሚያዘነብልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የማይሴቶማ ምርምር ማዕከልን ታሪክ ግን ለሁለቱም ወገን አነሳዋለሁ። ማይሴቶማ ብዙ ጊዜ እሾህ በወጋው ቦታ ገብቶ በባዶ እግር የሚሄደውን ገበሬና እረኛ እግር የሚበላ በሽታ ነው። በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሥር በ1991 በፕሮፌሰር አሕመድ ፋሃል የተቋቋመው ማዕከል በዚህ በሽታ ዓለም የሚያውቀው ተቋም ሆነ። በጦርነቱ ወደመ። ፋሃል በ2025 ለጋዜጠኞች እንደተናገሩት ከአርባ ዓመት በላይ የተሰበሰበ የናሙናና የዳታ ክምችት ጠፋ። ይህን የሰማ ሁሉ «መረጃው ሌላ ቦታ ቅጂ ሊኖረው ይገባ ነበር» ይላል። እውነት ነው፤ ይህን ለማለት ግን ባዮሎጂ መማር አያስፈልግም፣ ማንኛውም የሰርቨር ሠራተኛ ይለዋል። የሚከብደው ቀጥሎ ያለው ነው። የትኛው መረጃ ያለ ናሙናው ትርጉም አለው? የትኛው የታካሚ ዝርዝር ከአገር ሊወጣ ይችላል፣ የትኛው አይችልም? በፍሪጅ ያለ የሥጋ ናሙና ቅጂ የለውም፤ ስለዚህ ከእሱ ቀድሞ ምን ተለክቶ ይቀመጥ? እነዚህን የሚመልሰው ሁለቱን የሚያውቅ ሰው ነው። በሌላ በኩል ግን፣ ቦምብ በሚወርድበት ከተማ የገንዘብና የሰላም እጦትን የትኛውም ዲግሪ አይሞላውም፤ ይህን ጥፋት በሥርዓተ ትምህርት እጥረት ማመካኘት ማዕከሉን በሠሩት ሰዎች ላይ ግፍ ይሆናል።

ስለ ማጣመር የሚቀርብ ሌላ ክርክር አለ፤ ብዙ ጊዜ የምሰማው። ኮድ ከኢንተርኔት ይማሩታል፤ ላብራቶሪና የመስክ ሥራ ግን ከዩኒቨርሲቲ ውጭ አይገኝም፤ ስለዚህ የዩኒቨርሲቲው ዓመታት ለሳይንሱ ይሁኑ ይላል። ሐሳቡ ይማርካል። ካርቱም ግን ይህን በራሷ ላይ ፈትናዋለች። በጃንዋሪ 2014 የኦንላይን ትምህርት መድረኩ ኮርሴራ በአሜሪካ ማዕቀብ ምክንያት ለሱዳን ተማሪዎች ተዘጋ። ማዕቀቡ በከፊል በ2015 ላላ፣ በ2017 መጨረሻ አካባቢ ዋናው ተነሳ፤ ሱዳን ከሽብር ደጋፊዎች ዝርዝር የወጣችው ግን በዲሴምበር 2020 ነው። «ከኢንተርኔት እማረዋለሁ» ያለ የዚያ ትውልድ ተማሪ በሩ በአንድ ሌሊት ሲዘጋ አይቷል። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ብዙ ቦታ ኔትወርኩ ራሱ ጠፍቶ ነበር። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱ በነፃ ይገኛል የሚለውን ግምት ይዞ ማቀድ አደገኛ ነው።

አሁን ኮድ የሚጽፉ የኤአይ መሣሪያዎች መጥተዋል። አንዳንዱ «ሶፍትዌር መማር ከንቱ ሆነ፣ ሳይንሱን ያዙ» ይላል። እኔ ከዚያ የምወስደው ጠባብ ነገር ነው፤ መሣሪያው የሰጠው መልስ ትክክል መሆኑን የሚያውቅ ሰው ዋጋ ይጨምራል፤ ያን ለማወቅ ደግሞ ያቺን ዜሮ አይቶ መጠርጠር ያስፈልጋል።

ከሁለቱም አገር ስማቸው የሚጠራ ሰዎች እንዴት እንደሄዱ ብናይ አንድ ነገር ይታያል። ሱዳናዊው ሞ ኢብራሂም አሌክሳንድሪያ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማረ፤ አገሩ ተመልሶ በቴሌኮም ሠራ፤ ከዚያ እንግሊዝ ሄዶ በተንቀሳቃሽ ስልክ የሬዲዮ ግንኙነት ዶክትሬቱን ያዘ። በ1989 ያቋቋመው ኩባንያ የሞባይል ኔትወርክ ዲዛይንና የዕቅድ ሶፍትዌር ሠራ። ሞገድ ሕንፃ ሲመታው ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው ነው ያን ሶፍትዌር ያሠራው። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ረድኤት አበበ ደግሞ ሃርቫርድ ላይ በሒሳብ ተመርቃ፣ በኋላ በ2019 ከኮርኔል በኮምፒውተር ሳይንስ ዶክትሬቷን ወሰደች፤ ሥራዋ የማኅበራዊ ኢ-ፍትሐዊነትን ጥያቄዎች በስሌት መመርመር ነው። ሁለቱም አጣምረዋል፤ አንድ ላይ ግን አይደለም። አንዱን አጽንተው ሌላውን ቀጠሉበት።

የቅደም ተከተሉ መንገድ ችግር እንዳለበት አልክድም። ሁለተኛው ደረጃ ብዙ ጊዜ አይመጣም። የውጭ ስኮላርሺፕ ለጥቂቶች ነው። ካርቱም፣ ጅሬፍ ሰፈር ውስጥ ሻይና ቡና እየሸጠች ልጇን ያስተማረች ሐበሻ እናት «ልጄ፣ አንዱን ጨርሰህ ያዝልኝ» ብትል ማን ይፈርድባታል? ልጁም ሥራ ከያዘ በኋላ ታናናሾቹን ማስተማር አለበት፤ «ማስተርሱን በኋላ» ያለው ነገር በዚያው ይቀራል። በአሥራ ስምንት ዓመት ክፍት የነበረው በር በሃያ ስድስት ይጠብባል። ሁለቱን አንድ ላይ ይዤ ልግባ የሚሉት ተማሪዎች ይህን ስለሚያውቁ ነው የሚቸኩሉት፤ ችኮላቸው ሞኝነት አይደለም።

እኔ የምመርጠው መሐል ያለ ነገር ነው፤ አጣምር፣ ነገር ግን የትኛውም ዓመት ላይ ቢቋረጥ በእጅህ የቀረው ብቻውን እንዲቆም አድርገህ ደርድረው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሴሚስተሮች ሒሳብና ስታቲስቲክስ ይቅደሙ፤ እነዚህ የትም ዩኒቨርሲቲ፣ በየትኛውም ዲፓርትመንት ይቆጠራሉ፤ በዚያ ላይ ከወረቀትና ከእርሳስ በላይ አይጠይቁም። ቀጥሎ ሶፍትዌሩ ሥራ እስከሚያስገኝ ድረስ ይገፋ፤ ዳታቤዝ፣ ቴስት፣ ከሌሎች ጋር የተሠራ አንድ እውነተኛ ፕሮጀክት። ሳይንሱ አንድ ይሁን። «ሳይንስ» ብሎ ፊዚክስም ኬሚስትሪም ባዮሎጂም መቀማመስ የትም አያደርስም። አንዱን መርጦ ቢያንስ አንድ ወቅት መስክ ወይም ላብራቶሪ ውስጥ ማሳለፍ ግድ ነው፤ ዘንጉ ዳር ቆሞ ያላነበበ ሰው ዜሮዋን አይጠረጥርም። የመመረቂያ ፕሮጀክቱ ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ይሁን። ለዓባይ ተፋሰስ ልጆች ከሁሉ የማስቀድመው ውኃንና የሕዝብ ጤናን ነው። ፊዚክስን ልቡ የወደደ ግን ይማረው፤ እንዲህ ያለውን ሰው በሚዛን አልከለክለውም።

ለማን አይሆንም? ሒሳቡ አሁኑኑ ለከበደው፣ ቤተሰቡ በሁለት ዓመት ውስጥ ገቢ ለሚጠብቅበት፣ ሳይንሱን ለወረቀቱ ብቻ ለሚፈልገው አይሆንም። ለእነዚህ ጠንካራ የሶፍትዌር ዲግሪ ክብር ያለው ምርጫ ነው፤ ጥያቄው ሲመጣ የውኃ ሳይንቲስቱን ፈልገው አብረው መቀመጥ ይችላሉ።

ከሁሉ በፊት ግን ወረቀቱ። በየሴሚስተሩ መጨረሻ የውጤት ዝርዝርን ማኅተም ማስመታት፣ የየኮርሱን ዝርዝር መግለጫ አብሮ መያዝ፣ ቅጂውን ከአገር ውጭ ላለ ዘመድ መላክ ያስፈልጋል። በኤፕሪል 2023 ልብሱን ብቻ ይዞ የወጣ ተማሪ አዲስ አበባም ሆነ ካይሮ ሲደርስ ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። አንድ ዲግሪ የሚማር ሰው ኮርሶቹን ለማስቆጠር የሚያሳምነው አንድ ዲፓርትመንት ነው፤ የሚያጣምረው ሁለት ዲፓርትመንት ማሳመን አለበት፤ የኮርሱ ርዕስ ብቻ ከያዘ ሁለቱም «ይህ የእኛ አይደለም» ብለው ይመልሱታል። ካርቱም ላይ ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት ላይ ተቋርጠው አሁን ለመመለስ የሚያስቡ ልጆች እጃቸው ላይ ካለው ወረቀት ይነሡ፤ የትኛው ኮርስ ለየትኛው ዲግሪ እንደሚቆጠር በሁለት ዓምድ ይጻፉት፤ ሁለቱም ውስጥ የሚገባው ከግማሽ በታች ከሆነ ሶፍትዌሩን ይጨርሱ፣ ሳይንሱን በምርጫ ኮርስና በመመረቂያ ፕሮጀክት ያስገቡት።